እጅጌዬ የጠጣው ኮሶ

መስከረም ጠብቶ ጭቃው ደረቅ ሲል በእኛ ቤት ልብስ ሁሉ ከሣጥን ወጥቶ ፀሐይ ይመታል። የደብረ ብርሃን ክረምት ለልብስ ክፉ ነው፤ ሦስት ወር ታፍኖ የከረመ ጋቢ ካልተሰጣ ይሻግታል፣ ብልም ይገባዋል። ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ጥሩወርቅ ሣጥኑን ግቢ አውጥታ ባናውንና በርኖሱን አጥሩ ላይ ስትዘረጋ ከሥር አንድ እጀ ጠባብ አገኘች። ድሮ ነጭ ነበረ፤ አሁን ወደ ቢጫ ሄዷል። የግራ እጅጌው ግን ከእጅ አንጓው ጀምሮ እስከ ክንዱ ድረስ ዝገት መስሎ ጠቁሯል።

«አባባ፣ ይህን ምን ነካው? በእንዶድ ልጠበው?» አለችኝ።

እኔ አፌን ሳልከፍት ባለቤቴ አስካለ ከደጃፉ መደብ ላይ ሆና «አይታጠብም! እንደነበረ አጥፈሽ መልሺው» አለች። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፤ ልጅቱ የያዘችውን ከዚያ ድረስ ልታይ አትችልም። ቢሆንም የትኛው ልብስ እንደሆነ ዐውቃለች።

ጥሩወርቅ ታሪክ ሳትሰማ የምትለቅ ልጅ አይደለችም። ልብሱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አጠገቤ ቁጭ አለች፤ እኔም ነገርኳት። እዚህ የምጽፈው ለእሷ ያወራሁትን ነው። ለእሷ ያልነገርኳት አንድ ነገር አለ፤ እሱን በቦታው እጨምረዋለሁ።

በወጣትነቴ አንኮበር ላይ የአንዲት ታላቅ እመቤት ጠጅ አሳላፊ ነበርኩ። የንጉሡ አክስት ናቸው። ከአዛዡ እስከ እንጨት ፈላጩ ድረስ ሁሉም «እሜቴ» ይላቸው ስለነበር ስማቸው ሲጠራ የሰማሁት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብቻ ነው። ጊዜው ንጉሡ ወደ እንጦጦ ወጥተው እዚያ መቀመጥ የጀመሩበት ነበረ። አንኮበር በየወሩ ሰው ይጎድልባት ጀመር፤ ዛሬ አንጥረኛው፣ ነገ ኮርቻ ሠሪው ጓዙን ጭኖ ይሄዳል። እሜቴ ግን «ካባቶቼ ቤት ንቅንቅ አልልም» ብለው ኮረብታው ላይ ካለው ግቢ ቀሩ። ንጉሡም ቤቱ እንዳይፈታ ብለው እልፍኙንም አዳራሹንም ተዉላቸው። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከቆላው ሲነሣ ግቢው ከሥሩ ተቆርጦ የቀረ ይመስል ነበር። ብርዱን አሁን ሳስበው እንኳ ጉልበቴን ይይዘኛል።

ሥራዬ ላየው ሰው ቀላል ነው። ሸማዬን ወገቤ ላይ አደግድጌ እገባለሁ፤ ብርሌውን እንደተሸፈነ አቀርባለሁ፤ ከመስጠቴ በፊት በግራ መዳፌ ላይ ጥቂት አፍስሼ እጠጣለሁ። እሜቴ ፊቴን ያያሉ። ትንሽ ቆይተው እጃቸውን ይዘረጋሉ። ባላቸው በተመረዘ ጽዋ ነው የሞቱት ይባል ነበር። እውነት ይሁን ሐሜት አላውቅም፤ የማውቀው ውኃ እንኳ ሳይቀመስ በከንፈራቸው እንደማያልፍ ነው። ከእኔ በፊት የነበረው አሳላፊ አንድ ቀን ጥርሱን አሞት ለመቅመስ ቢያመነታ፣ ጥርሱ እስኪነቀልለት ሳይሆን ነገሩ እስኪጣራ ድረስ በሰንሰለት ከርሟል። እኔና ባልደረባዬ ተድላ ግን አምስት ዓመት ስንቀምስ አንድ ቀን ክፉ ዓይን አላዩንም። መታመን እንዴት እንደሚያኮራ ያላየው ሰው አያውቀውም። እሜቴ ለወንድማቸው ልጅ ለንጉሡ እንኳ የማይሰጡትን ነገር ለእኔ ጉሮሮ ሰጥተው ነበር።

ታዲያ ኮሶም ይቀመሳል። ዛሬ ልጆቹ ከሐኪም ቤት ኪኒን አምጥተው በአንድ ጉንጭ ውኃ ይገላገሉታል። በእኛ ጊዜ ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሁሉ በሁለት ወሩ ኮሶ ይታየዋል። ቀዩ አበባ ደርቆ ይወቀጣል፣ በውኃ ይበጠበጣል፣ ጠዋት በባዶ ሆድ አፍንጫን ይዞ ይጨለጣል። የዚያን ቀን ኮሶ የጠጣ ሰው ደጁ ዝግ ነው። እንግዳ ቢመጣ «ኮሶ ጠጥተዋል» ይባላል፣ ማንም አይቀየምም። ሌላው ሰው በሁለት ወር አንዴ የሚንገሸገሸውን እኔ ሁለት ጊዜ እንገሸገሽ ነበር፤ አንዱን ለራሴ፣ አንዱን ለእሜቴ።

አስካለን ያገኘኋት በሰፈፍ ምክንያት ነው። ጠጅ ሲጣል ከማሩ የሚተርፈው ሰፈፍ ከግቢው በታች ላለው ደብር ለጧፍ ይሰጥ ነበር። ተሸክሜ የማወርደው እኔ ነኝ፤ ተቀብላ አቅልጣ ፈትሉን የምትነክረው የመምሬ ጸጋ ልጅ ናት። መጀመሪያ በወር አንዴ እወስድ ነበር። በኋላ ሰፈፉን እየከፋፈልኩ በሳምንት ሁለት ጊዜ መውሰድ ጀመርኩ። አንድ ቀን «ግቢው ውስጥ ንብ ታረባላችሁ እንዴ?» አለችኝ። እኔም በማግስቱ ሽማግሌ ላክሁ።

መምሬ ጸጋ ሽማግሌዎቹን በደኅና ተቀብለው አስቀመጡና እንዲህ አሉ፤ «ልጄን በሰማንያ አልሰጥም፤ በቁርባን ካልሆነ። ይህ ልጅ ደግሞ አሳላፊ ነው። ጎሕ ሲቀድ ጽዋ የሚቀምስ ሰው መቼ ጾሞ ይቆርባል?»

እኔ ከጓሮ ሆኜ እሰማለሁ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከመካከላቸው አንዱ «አንድ ቀን አይጠፋውም፣ መምሬ» አላቸው።

«እንግዲያስ ያቺን አንድ ቀን እናያለን» አሉ መምሬ።

ቀኑ በጥር ወር በአንድ እሑድ ላይ ተቆረጠ። ለእሜቴ ገብቼ መሬት ስሜ ስነግራቸው ደስ አላቸው፤ ይህን እጀ ጠባብ የሰጡኝ ያን ጊዜ ነው። «እሑድን ለታቦቱ ለቅቄሃለሁ። ተድላ ይቀምሳል» አሉኝ። ከንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ተናዘዝኩ። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ጥቂት ቆሎና ውኃ ቀምሼ አፌን ዘጋሁ፣ ከግቢው ውጭ አንድ ዘመዴ ቤት ዐደርኩ።

ለካስ ያን ቅዳሜ ሲመሽ ከእንጦጦ መልእክተኛ ደርሶ ኖሯል። ንጉሡ እሜቴን በብርቱ ይፈልጋሉ ተባለ። እሜቴም ማክሰኞ ለመነሣት ቆረጡ፤ ድንኳንና ስንቅ ይዞ እንዲቀድም ተድላን በዚያው ሰዓት ሰደዱት። ኮሶ ታይቷቸው ስለነበር መንገድ ሳይጀምሩ እሑድ ጠዋት ሊጠጡ አሰቡ። የእኔን ነገር ረስተውት ነው። ለእንዲህ ያለ ችኮላ የአንድ አሳላፊ ሠርግ ትዝ አይልም፣ አልተቀየምኳቸውም።

እሑድ ገና ሳይነጋጋ እጀ ጠባቡን ለብሼ ወደ ግቢ ወጣሁ። ሳልሰናበት መሄድ ነውር ነው፤ እደጃፉ ላይ እጅ ነሥቼ ልመለስ ነበር ሐሳቤ። መንገዱ ላይ ውርጭ ተነጥፏል። አጋፋሪው ከሩቅ እንዳየኝ «ተመስገን! ና ግባ፣ ፍጠን። ኮሶው ቀርቧል፣ ቀማሽ ጠፍቶ ተቆጥተዋል» አለና ጎትቶ አስገባኝ።

እሜቴ መደባቸው ላይ በባና ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ሽማግሊቱ ደንገጡራቸው የቀንድ ዋንጫውን እንደተሸፈነ አቀበለችኝ። አጠገባቸው ከአልዩ አምባ ነጋዴዎች የተገዛ ሎሚ ለሁለት ተሰንጥቆ ተቀምጧል። እንዲህ ማለት ነበረብኝ፦ እሜቴ፣ ዛሬ የምቆርብበት ቀን ነው። ስድስት ቃል እንኳ አይሞላም። ግን ዋንጫው እጄ ውስጥ ነው፣ ዓይናቸው ፊቴ ላይ ነው፣ ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ ሰንሰለት ጆሮዬ ላይ አቃጨለ። ዋንጫ ይዞ «አልቀምስም» የሚል አሳላፊ ምን ሊመስል እንደሚችል ዐውቃለሁ።

እንደ ወትሮዬ መዳፌ ላይ አፈሰስኩ። ወደ አፌ አስጠግቼ አንገቴን ቀና አደረግሁ፣ ጣቶቼን ግን ፈታ አልኳቸው። ኮሶው በእጅ አንጓዬ ላይ ቀዝቅዞ ወረደ፣ እጅጌዬ ውስጥ ገባ። ጉሮሮዬን አንቀሳቀስኩት። እሜቴ ለአፍታ አይተውኝ እጃቸውን ዘረጉ፣ አፍንጫቸውን ይዘው እስከ አተላው ጨለጡት። ከዚያ ሎሚውን እየመጠጡ «ምነው ነጭ ለበስክ?» አሉኝ። እኔ ሳልመልስ ደንገጡሪቱ መጋረጃውን ጋረደችው።

ቁልቁለቱን ስወርድ እጄን በሸማዬ ሸፍኜ ነበር። በራሴ ብልጠት እንኳ ተደስቻለሁ፤ እሜቴም ጠጡ፣ እኔም ጾሜን አልፈታሁ፣ ማን ተጎዳ? እንዲህ እያልኩ ደጀ ሰላሙ ደረስኩ። መምሬ ጸጋ የዚያን ቀን ቀዳሽ ስላልነበሩ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። አስካለ በሚዜዎቿ መካከል ራሷን ተከናንባ ከግንቡ ጥግ ቆማለች። የመምሬን ጉልበት ልስም ጎንበስ ስል ሸማዬ ከክንዴ ተንሸራተተ።

መምሬ እጅጌዬን ይዘው አሸተቱት። የዚያን ቀን የፊታቸውን መገርጣት አልረሳውም።

«ኮሶ ነው» አሉ። «ቀምሰሃል።»

«አልቀመስኩም።»

«እሜቴ ዛሬ ኮሶ እንደሚጠጡ ሰምቻለሁ። ተድላም ትናንት በዚህ በኩል አልፏል። ሳይቀመስ ጠጡ ልትለኝ ነው?»

ያን ጊዜ ነው የገባሁበት የታየኝ። ቀምሻለሁ ብል አስካለ የለችም። አልቀመስኩም ብል እሜቴን አታልያለሁ ማለት ነው፤ ይህም በአንኮበር አንገት የሚያሳጣ ነገር ነው። አስካለን አየሁ። መሬት መሬት ታያለች፣ እጇ ግን የነጠላዋን ጥለት እየጠመዘዘው ነበር።

«የቀመስኩ መስዬ በእጅጌዬ አፈሰስኩት፣ መምሬ» አልኳቸው።

«ከጉሮሮህ ወርዷል ወይስ አልወረደም?»

«አንዲት ጠብታ አልወረደም» አልኩ፣ ቶሎ ብዬ።

መምሬ እጅጌዬን ለቀቁት። ከውስጥ ኪዳን ሲደርስ ይሰማል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጾምህ አለ እንበል። ግን የታመንክበትን ነፍስ ዛሬ ጠዋት ከድተህ መጥተህ ሥጋውን ደሙን ልትቀበል? ሂድ፤ ለራሳቸው ንገራቸውና ይቅር ይበሉህ። ተክሊሉ ከመጀመሩ በፊት ከተመለስክ ልጄ እዚሁ ናት። ካልተመለስክ ግን እኔ ሁለተኛ ቀን አልቆርጥም» አሉኝ።

ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ከሥር እስከ ላይ ስሮጥ አንድ ነገር ብቻ ነበር በራሴ ውስጥ ያለው፤ በእግሬ ወጥቼ በእግሬ የምወርድ አይመስለኝም ነበር። አጋፋሪው «ኮሶ ጠጥተዋል፣ ማንም አይገባም» ብሎ ዘንጉን ጋረጠብኝ። «ስለጠጡት ኮሶ ነው የመጣሁት» ስለው ደነገጠና ዘንጉን አነሣ።

እልፍኙ ውስጥ ከመጋረጃው ወዲህ ተደፋሁ። ከወዲያ ያቃስታሉ። ኮሶ ሆድ ሲቆርጥ ጌታና ሎሌ አይለይም።

«ማነው?» አሉ።

«ሞገስ ነኝ፣ እሜቴ። ጠዋት ያቀረብኩትን አልቀመስኩም። በእጅጌዬ አፈሰስኩት።»

ማቃሰቱ ቆመ። «ለምን?»

«ዛሬ የምቆርብበት ቀን ነው። ልናገር ፈራሁ።»

«ታዲያ አሁን ምን መለሰህ?»

«መምሬ ጸጋ ሄደህ ተናገር አሉኝ።»

«ባይሉህስ?»

ከዚያ በላይ መዋሸት አልቻልኩም። «ባይሉኝ አልናገርም ነበር፣ እሜቴ» አልኳቸው።

ደንገጡሪቱ እየጸለየች እንደሆነ ይሰማኛል። እሜቴ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ቀስ እያሉ ተናገሩ። «ሆዴን ሲቆርጠኝ እዚህ ጋደም ብዬ ስንቱን ስጠረጥር ነበር። ኮሶውን የወቀጠችውን፣ ውኃውን የቀዳውን፣ ከእንጦጦ የመጣውን መልእክተኛ ሳይቀር። አንተን ግን አልጠረጠርኩም ነበር።»

በሰንሰለት ቢያስሩኝ እንደዚያ አያመኝም ነበር። ግንባሬን መሬት ላይ አድርጌ አለቀስኩ።

«በል ተነሣ» አሉ። «ታቦት አይጠብቅህም። ይቅር ብዬሃለሁ፣ ሂድና ቁረብ። ዋንጫዬን ግን ለደንገጡሪቱ አስረክብ።»

ዋንጫው ደጃፉ ላይ ታጥቦ ተደፍቶ ነበር። በሁለት እጄ አንሥቼ ሰጠኋትና ወረድኩ።

ስደርስ ካህናቱ አክሊሎቹን ይዘው ሊወጡ ነበር። መምሬ ጸጋ ፊቴን አዩት፣ ምንም አልጠየቁኝም፤ በእጃቸው ወደ አስካለ አመለከቱኝ። ጎን ለጎን ቆምን። አንድ ካባ ለሁለታችን ተደረበልን፣ ተክሊሉ ተደፋልን፣ ቆረብን። ጧፉን እሷው የነከረችው ነበረ።

እሜቴ ማክሰኞ ወደ እንጦጦ ሲነሡ እኔ አልተከተልኩም። ደብረ ብርሃን ላይ በርኖስና ባና የሚሠሩላቸውን ሱፍ ሠሪዎች እንድቆጣጠር ላኩኝ። ቅጣት ነው የሚል ነበረ፣ ሹመት ነው የሚልም ነበረ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ለማንም ጽዋ ይዤ አላውቅም። ሱፉን ሊወስድ የሚመጣው ሰው ሁሉ ከእሳቸው ሰላምታ ያመጣልኝ ነበር፤ «ያ ኮሶ ፈሪ ደኅና ነው?» ይሉ ነበር አሉ። ዐረፉ የሚል ወሬ እስኪመጣ ድረስ ይህች ሰላምታ አልተቋረጠችም። ዳግመኛ ዓይናቸውን ግን አላየሁም።

ለጥሩወርቅ የነገርኳት እዚህ ላይ ያበቃል። ልጅቱ ልብሱን አጥፋ ሣጥኑ ጫፍ ላይ አኖረችውና ባናውን ልታገላብጥ ሄደች። እኔና አስካለ መደቡ ላይ ቀረን። ፀሐይዋ ጥሩ ነበረች። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ከአምሳ ዓመት በላይ ሆዴ ውስጥ የያዝኩትን አወጣሁት።

«አስካለ፣ ያን ቀን ለአባትሽ አንዲት ጠብታ አልወረደም ያልኩት እውነት አልነበረም» አልኳት። «ከንፈሬን ነክቶት ነበር። መምረሩ ምላሴ ላይ ቀረ፤ ቁልቁለቱን ስወርድ ምራቄን ዋጥኩት። ለእሜቴ ሁሉንም ተናገርኩ፣ ይህቺን ግን ለአባትሽም ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ተክሊላችን ተክሊል ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።»

ትደነግጣለች ብዬ ነበር። አስካለ ግን ፊቷን እንኳ አላዞረችም።

«አንቱ ሰውዬ፣ ይኸን አሁን መንገርዎ ነው?» አለችኝ። «አንድ ካባ ነው የደረቡልን። አጠገቤ ሲቆሙ ትንፋሽዎ ኮሶ ኮሶ ይል ነበር።»

«ዐውቀሽ ነበር?»

«እንዴት አላውቅ፣ አፍንጫዬ ሥር!»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«አባቴ የጠየቁት እርስዎን ነው። እኔን የጠየቀኝ የለም።» በእጇ መደቡን እየዳበሰች እጄን አገኘችው። «ደግሞስ ተመልሰው ይመጡ እንደሆን ዳገቱን ሳይ ነበር። ሲመጡ አየሁዎት። በቃኝ። እሜቴ ሳይቀመስ ጠጡ፤ እኔም እንደዚያው ጠጣሁት። ሁለታችንንም አልገደለንም።»

አፈርኩ፣ ደስም አለኝ። ጉሮሮዬን ያመኑት እሜቴ ብቻ ይመስሉኝ ነበር፤ በዚያው ጠዋት ሌላ ሰው ሽታውን እያወቀ ከአጠገቤ እንደቆመ ሳላውቅ ነው ያረጀሁት።

«ጥሩወርቅ!» ብላ አስካለ ተጣራች። «ያን ልብስ ከሥር ነው የምታደርጊው፣ እሺ? ብል እንዳያገኘው።»